«ጤነኛ» የተባለው ብልቃጥ

ላቦራቶሪው ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ሚዛን» ይሉታል። እጁ አይንቀጠቀጥማ። ከእንባ ጠብታ ያነሰ ፈሳሽ ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው ሲያሻግር፣ አጠገቡ የቆመ ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል።

እሷን ደግሞ «ወይዘሪት ጥያቄ» ያላት እሱ ነው፤ ለልምምድ በመጣች በመጀመሪያው ቀን።

«ሴሎቻችን የያዙት ዲኤንኤ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ዓይን ለምን ጉበት አይሆንም?» አለችው።

«መጽሐፉ የሁሉም አንድ ነው። እያንዳንዱ ሴል ግን የሚያነበው የራሱን ገጽ ነው።»

«የቀረውስ?»

«ተዘግቶ ይቀመጣል።» ቀና ብሎ አያት። «ሁሉም ገጽ መነበብ የለበትም፣ ወይዘሪት ጥያቄ።»

ሳቀች። የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ ግን ያኔ ማን ይንገራት።

ዓመት ሳይሞላ ሊጋቡ ተነጋገሩ። ያሳደገቻት አያቷ ወሬውን በስልክ ስትሰማ እንደ ሰው «እልል» አላለችም።

«አባቱ በምን ሞተ?»

«ሰው መጠጥ ነው ይላል፣ እማማ። እሱ ግን ሲጠጣ አይቶት አያውቅም። እጁ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር አለኝ።»

«ያልጠጣ ሰው እጁ ለምን ይንቀጠቀጣል፣ ልጄ?»

«አንቺ ደግሞ ነገር መቆፈር ትወጃለሽ።»

በዚያው ሳምንት አንድ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የነርቭ በሽታ የሚመረምሩበትን ዘዴ መሞከር ጀመረች። ከሕሙማኑ ደም ጎን ለማነጻጸሪያ የሚሆን የጤነኛ ሰው ደም ያስፈልጋል። እዚያ ላቦራቶሪ ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ የጤነኛ ደም ሲያጡ የራሳቸውን ይሰጣሉ።

«ከኔ የበለጠ ጤነኛ ከየት ታመጫለሽ?» ብሎ ሚዛን እጅጌውን ሰበሰበ።

ራሷ ቀዳችው። ብልቃጡ ላይም በራሷ እጅ «ጤነኛ» ብላ ጻፈች።

ይህ በሽታ ያለበት ሰው የደሙ ዲኤንኤ በሚታይበት የምርመራ ምስል ላይ ከጤነኛው መስመር ከፍ ብሎ ሌላ መስመር ይወጣበታል። «ጤነኛ» በሚለው ረድፍ ሁለት መስመር ወጣ።

ብልቃጥ አቀያይሬ ነው ብላ ደገመችው። ያው ነው። ሦስተኛውም ያው ሆነ። የአያቷ ጥያቄ ጆሮዋ ላይ ይጮህባታል።

ጠዋት ሲገባ ምስሉን ለመሸፈን አልደረሰችም።

«ዛሬ ጥያቄ የለም?» አለና ወደ ምስሉ ጎንበስ አለ። ማንበብ ሥራው ነው፤ አነበበው።

«ስንቴ ደገምሽው?»

«ሦስቴ።»

«አንዴም ይበቃ ነበር። ጎበዝ ነሽ፣ አትሳሳቺም።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አባቴን ያለ ጥፋቱ ሰካራም አልነው፣ አየሽ።»

ምስሉን ከፊቱ አንስታ ገለበጠችው።

«ለአያትሽ ሐሳቤን ቀየርኩ በያት» አለ። «አልቀየምሽም።»

«አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«ጠይቂ።»

«መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ብዙውን ጊዜ አርባ አካባቢ።»

«አሁን ስንት ነህ?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

እጇን ያዘ።

ተጋቡ። ልጅ ላለመውለድም ተስማሙ። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ላይ ውሃ የሚቀዳው እሱ ነው። እሷ ዳቦ የምትቆርስ መስላ እጁን ታያለች። እንደምታይ ያውቃል። ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞልቶ፣ አንድ ጠብታ ሳያፈስ ፊቷ ያኖርና «ዛሬም ሚዛን ነኝ» ይላታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ አላት።

ትናንት ጠዋት የውሃውን ጆግ አነሳ። ትንሽ ቆየና መልሶ አስቀመጠው፤ ሁለቱን ብርጭቆዎች ቀስ አድርጎ ወደ እሷ ገፋቸው።

«ዛሬ አንቺ ቅጂ» አለ።

ምንም አልጠየቀችውም። ለሁለቱም ቀዳች፤ የሱን ግማሽ ድረስ ብቻ።