የፖስተኛው የመጨረሻ በር

«ዝም በሉ አቦ! ላንብበዋ!» አለች ራዲዮ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ላጥ አድርጋ። ራዲዮ ያሏት ነገር ሆዷ ውስጥ ስለማያድር ነው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦

«ገብተህ ስትወጣ ራስህ ይቀልሃል፤
ከሰማያዊው በር ሣጥን ይጠብቅሃል።»

ሰዉ ተንጫጫ። የመጨረሻው ፍንጭ ነበር። በየዓመቱ ብርዱ ሲጠና፣ ሁሉም ቤቱ ተከቶ ጎረቤት ከጎረቤት መተያየት ሲያቆም፣ የሰፈሩ ሰው አንድ ቅዳሜ መርጦ ሣጥን ፍለጋ ይወጣል። ሣጥኑ የቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ያለችው አንዲት ደወል ብቻ ናት። ያገኘ ይደውላታል፤ የዚያን ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ቤቱ አስገብቶ ማሞቅም የእሱ ተራ ነው። ለዚህ ክብር ሲባል ትልልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን ሲሮጡ ማየት ብርዱን ያስረሳል።

ፍንጮቹን በግጥም የሚጽፉት የራዲዮ ጓደኛ የቴምብር አያት ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሰፈሩ ፖስተኛ ነበሩ፤ የማያውቁት በር፣ የማያውቃቸው ውሻ የለም። «ቴምብር» የሚለውን ስም ያወጡላትም እሳቸው ናቸው። ትንሽ ሳለች ተለጥፋባቸው ነበር የምትውለው። አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ግጥሞቹን በጽሕፈቷ የምትገለብጠው እሷ ናት። ወረቀቱን የመለጠፉና ሣጥኑን የመደበቁ ሥራ ግን የእሳቸው ብቻ ነው፤ ዛሬም በማለዳ ሣጥኑን ካፖርታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጥተዋል።

«ፋርማሲው ነው!» አለ አንዱ። «ራስ ምታታችንን የሚያቀልልን ሌላ ማን አለ?»

«የሱቄ በር ሰማያዊ መሆኑን ገና ዛሬ አያችሁት?» አለች ፋርማሲስቷ እየሳቀች፤ ሰዉ ሁሉ ተከትሏት ነጎደ። የቴምብር እናትም ሁለት የጎረቤት ሕፃናት በግራና በቀኝ ይዛ አብራ ሄደች። ነርስ ናት፤ የሌሊት ፈረቃ አድራ ሳትተኛ ነው የመጣችው።

ቴምብር ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ምን ይገትርሻል?» አለቻት ራዲዮ።

«ጫማዬ ውሃ አስገብቷል። ሂጂ፣ እመጣለሁ።»

«አትሸውጂኝ! አያትሽ ነግረውሻል አይደል? በናትሽ፣ አንዲት ቃል ብቻ!»

«ምንም አልነገሩኝም።»

እውነቷን ነበር። ማንም ሳይነግራት ነው ያወቀችው። ሰማያዊው በር የፀጉር አስተካካዩ በር ነበር። ሰውየው ሱቁን ዘግቶ ከሄደ ቆይቷል፤ ቤቱም ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ግጥሙን ስትገለብጥ እስክሪብቶዋ ቀጥ ብሎባት ነበር። «አባባ፣ ይሄ በር እኮ...» ብላ ጀምራ፣ አያቷ በግጥማቸው ደስ ብሏቸው ፈገግ ሲሉ አየችና ቃሉን ዋጠችው። የሆነ ዘዴ ይኖራቸዋል ብላ ራሷን አታለለች።

የዋጠችው ይህን ብቻ አልነበረም። አያቷ የለኮሱት ምድጃ ሳይጠፋ ሲያድር «እኔ ነኝ የረሳሁት» ብላ የእናቷን ቁጣ ተቀብላለች። ቁልፋቸው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገኝ ለቀልድ ያደረገችው አስመስላለች። ምክንያቱም እናቷ አንድ ቀን ቁርጡን ነግራታለች፦ «አያትሽ ብቻቸውን መዋል ካቃታቸው አክስትሽ ጋ መሄዳቸው ግድ ነው። እሷ ቀኑን ሙሉ ከቤቷ አትወጣም፤ እኔ ሥራዬን ትቼ ምን ላበላችሁ?» የአክስቷ ከተማ ሩቅ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ቴምብሬ፣ ዛሬ ምን ደብዳቤ አመጣሽልኝ?» የሚላት ሰው የሌለበትን ቤት ማሰብ አልቻለችም።

ወደ መኪና ማቆሚያው ሮጠች። አያቷን ያገኘቻቸው ከአንድ የጭነት መኪና ጀርባ ነው። ካፖርታቸውን ጥርቅም አድርገው አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ብብታቸው ሥር የሣጥኑ ማዕዘን ብቅ ብሏል።

«አባባ! ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነዎት?»

«በሩን አጣሁት፣ ቴምብሬ» አሉ ቀስ ብለው። «መንገዱ ያው ነው፤ ግንቡም ያው ነው። ስንት ዘመን ደብዳቤ ያቀበልኩበት በር...»

«ፈርሷል እኮ፣ አባባ። ሰውየውም ሄዷል። ሲሄድ እርስዎም ሸኝተውታል።»

«ሸኝቼዋለሁ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ሊያዩዋት አልፈለጉም፤ አንገታቸውን ደፉ። ቴምብር የአንገት ልብሷን አውልቃ ጠመጠመችላቸው። ልቧ ክፉኛ አዘነ፤ ብትናገር ኖሮ እዚህ ብርድ ላይ አይቆሙም ነበር።

«ወደ ቤት መመለስ ሼም ያዘኝ» አሉ። ሼም የምትለዋን ቃል ከእሷ ነው የለመዱት። «ሣጥኑን ሳልደብቅ ምን ብዬ ልመለስ?»

«ሣጥኑን ይስጡኝ። ፋርማሲው ጓሮ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሥሩ እከተዋለሁ። ሰማያዊ በር እንደሆነ አለ። ማንም አያውቅም።»

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔ ለማንም አልናገርም።»

«እሱን አውቃለሁ» አሉና ወደ ባዶው ቦታ ዞሩ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ነበር። ግጥም ሲገጥሙ እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው፤ በጣታቸው ካፖርታቸውን መታ መታ እያደረጉ ይቆጥራሉ። ድንገት፣ እንደ ድሮው ጥርት ባለ ድምፅ፦

«በር ነበረ እዚህ፣ በር ነበረ ድሮ፤
ሣጥኑን የያዘው ቆሟል ተቸግሮ።»

አንዲትም ቃል አልተዛነፈችም። የግጥሙ ቤት ሳይዛባ ሲመታ ስትሰማ ቴምብር እንባዋ መጣ።

«ቆንጆ ነው» አለች።

«ቆንጆ ነው» አሉ እሳቸውም። ሣጥኑን ከብብታቸው አውጥተው ዘረጉላት። «በይ እንኪ፤ እግርሽ ፈጣን ነው። እንዳልሽው አድርጊ።»

ከመንገዱ ማዶ የሰው ድምፅ ተሰማ። ፋርማሲው ጋ ምንም ያላገኙት እየተመለሱ ነበር። ሕፃናቱ በብርዱ ማልቀስ ጀምረዋል። ከፊት ከፊት እናቷ ትታያለች፤ እያንዳንዱን በር እያየች፣ ድካሟን ደብቃ ሕፃናቱን «አይዟችሁ፣ ደርሰናል» እያለች።

በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ፣ በጓሮ ዞራ፣ እነሱ እዚህ ሳይደርሱ ሣጥኑን አግዳሚ ወንበሩ ሥር ሸጉጣ «ደግማችሁ ፈልጉ» ልትላቸው ትችላለች። ዛሬ ያልፋል። ነገ ደግሞ ምድጃው አለ። ከነገ ወዲያ ሌላ በር ይጠፋል፤ ያን ጊዜ እሷ ትምህርት ቤት ትሆናለች።

ሣጥኑን መልሳ አያቷ እጅ ላይ አደረገችው። የቀዘቀዙ ጣቶቻቸውን በሁለት እጇ ይዛ ክዳኑ ላይ አስቀመጠቻቸው። አዩዋት፤ ገባቸው። ሣጥኑን አልመለሱላትም።

«ግጥሙን ለእናትሽ እኔ ራሴ ልንገራት» አሉ።

«እሺ፣ አባባ። እኔም ከጎንዎ ነኝ።»

ከዚያም ከመኪናው ጀርባ ወጣች። እጇን ወደ ላይ አነሳች።

«እማ!» ብላ ጮኸች። «እማ፣ እዚህ ነን!»