ሁለቱ የማሽላ ጉድጓዶች

ደብሪቱን ከእህል ጉድጓዱ ጎትተው ሲያወጧት መቀነቷ እንኳ አልተፈታም ነበር። ጉንጯ ላይ የማሽላ ፍሬ ተለጥፏል። መቶ አለቃ ፀጋዬ ከሸዋ ሮቢት ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ቀትር ሆኖ ነበር፤ ሬሳው ከማኅበሩ ወፍጮ ቤት ጥላ ሥር ተጋድሞ ጠበቀው።

ማኅበሩን ያቋቋሙት በድርቁ ባልና ከብት ያጡ ሴቶች ናቸው። በመኸር ማሽላ ገዝተው በጉድጓድ ያቆያሉ፤ ሲወደድ ፈጭተው ዱቄቱን ለመንግሥት እርሻ ሠራተኞች ይሸጣሉ። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ራሳችንን እንችላለን» ተብሎ ተጽፏል። መቻል አለመቻላቸውን በዚያ ሳምንት የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ገብረሚካኤል ከማኅበሩ አምስት ሰው ለሰፈራ ወደ ወለጋ እንዲሄድ አዟል። ማን እንደሚሄድ የምትናገረው የማኅበሩ መሪ ደብሪቱ ነበረች። ከማጀቴ ገበያ ስመለስ እናገራለሁ ብላ ሄዳ እዚያው አደረች፤ ጠዋት ተመልሳ፣ የማንንም ስም ሳትጠራ ሞተች።

«ምርመራ የሚያስፈልገው ነገር የለም፣» አለ ገብረሚካኤል። «ጉድጓዱ ሳይናፈስ አስገቧት። አሮጊቷ ትታሰር፣ ማኅበሩ ይዘጋ፣ ሴቶቹም ሁሉም ይስፈሩ።»

«ቸኮሉ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«የቸኮልኩት እኔ አይደለሁም። መኪኖቹ ነገ ጠዋት ይመጣሉ።»

አሮጊቷ ጉድጓዶቹን የምትጠብቀው ሙሀባ ነበረች። ተዘግቶ የከረመ ጉድጓድ አየሩ ድምፅ ሳያሰማ እንደሚገድል በቆላው የማያውቅ የለም።

«ትናንት ጠዋት ከፈትኩት፤ እንስሳ እንዳይገባበት ዙሪያውን እሾህ አጠርኩበት፣» አለች። «ለመግሪብ ስንነሳ ኩራዝ አወረድኩ፤ እስከ ታች ወርዶ አልጠፋም። ሁሉም አይተዋል። ወላሂ፣ ክፉው አየር ወጥቶ ነበር።»

ዛሬ ጠዋት የት እንደነበረች ሲጠይቃት ከሌሎቹ ጋር ለቅሶ ደርሳ እንደነበር፣ ከተመለሰችም ከሬሳው አጠገብ እንዳልተነሳች ነገረችው። ግቢው ውስጥ አድረው የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ጆንያ በአህያ የሚያመላልሰው አብዱረዛቅ ነው። ባለፈው ሳምንት ከደብሪቱ ጋር ተጣልቶ፣ ሲራገም ሴቶቹ ሰምተውታል።

«መውደቋን እያወቅህ ለምን አልገባህም?» አለው ፀጋዬ።

«እግሬን አውርጄ ነበር፣ ጌታዬ። እባብ የነደፋት መስሎኝ። ሳፊያ ሸሚዜን ይዛ ጎተተችኝ።» የተቀደደውን አሳየው። «አትውረድ፣ አየሩ ይገልሃል አለችኝ። እሷ ባትኖር ሁለት ሬሳ ይጠብቅዎ ነበር።»

ሁለተኛዋ ሳፊያ ነበረች፤ ከካራቆሬ በኩል ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ከሁሉም መጨረሻ የመጣች። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጆንያ ይዛ እንደነበር፣ ሙሀባ በኩራዝ መሞከሯንም ለደብሪቱ እንደነገረቻት ብቻ ተናገረች። ልጆቹ ከቀሚሷ አልተላቀቁም።

ፀጋዬ ጉድጓዱ ዘንድ ቁጢጥ ብሎ፣ የአፉ መምረጊያ ከነበረው ጭቃ አንድ ጓል አንስቶ ሰበረ። ከዚያ አጠገቡ ወዳለው ሁለተኛ ጉድጓድ ሄደ። እሱ ተከድኖ ገለባ ተነስንሶበታል። ገለባውን ገልጦ ከሥሩ ሌላ ጓል አነሳ። ቆይቶ ሰዎቹን ሁሉ ሰበሰባቸው።

«እትዬ ሙሀባ የከፈቱት ደብሪቱ የሞተችበትን አይደለም፣» አለ። «ጎረቤቱን ነው። የዚያ ጭቃ ትናንት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ መትቶት በእጄ ዱቄት ሆነ። የዚህኛው ውስጡ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ የተከፈተው ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ነው። አንድ ሰው የናፈሰውን ከድኖ፣ ያልናፈሰውን ከፍቶ፣ እሾሁን ወደዚህ አዛወረ። ደብሪቱ ትናንት እዚህ አልነበረችም። እሾህ ያየችበት ገባች።»

«ማነው?» አለ ገብረሚካኤል።

«ጉድጓዱ እንደናፈሰ ሁላችሁም አምናችኋል። አብዱረዛቅ ዘሎ ሊገባ የነበረው ስላመነ ነው። ራሱ ቢከፍተው እግሩን አያወርድም። የዚህ ጉድጓድ ክፉ አየር እንዳልወጣ የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ሸሚዙን የያዘችው።»

አብዱረዛቅ የሸሚዙን ቅድ በእጁ ሸፈነ።

«እሱማ ምን በደለኝ፣» አለች ሳፊያ።

«ደብሪቱስ?»

«ማጀቴ ልትሄድ ስትል ነገረችኝ። መጨረሻ የመጣ ይቅደም አለች። ሁለት ልጅ መንገድ ላይ ቀብሬ ነው ሁለቱን ይዤ እዚህ የደረስኩት። አሁንም መንገድ?»

ገብረሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያው ማኅበሩ ይቀጥል። አምስቱ ሰው ግን አልቀረም። የታሰረች ሰው ቦታ አትሞላም። አሳዳጊ የሌላቸው ልጆች ግን ይሞላሉ።»

«የሚወስዳቸው የለም?» አለ ፀጋዬ ወደ ሴቶቹ ዞሮ።

ሁለቱ ልጆች ከሄዱ ለሴቶቹ የሚቀረው የሦስት ሰው ዕጣ ብቻ ነው። ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ከእስር የተረፈችው ሙሀባ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።

በማግስቱ ጠዋት ፀጋዬ ከማኅበሩ ግቢ ሲመለስ ሳፊያ በጣቢያው እስር ክፍል የመስኮቱን ብረት ይዛ ጠበቀችው። መኪኖቹ ሲያልፉ ሰምታለች።

«አንድ ላይ ነው የጫኗቸው?»

«አንድ ላይ ነው፣» አላት።

ትልቋ በፊተኛው፣ ትንሿ በኋለኛው መኪና ነበሩ።