የመረረው ኪኒን

«ኪኒኑን የምታቀብይው አንቺ፣ ውሃውን የምትቀጅለት አንቺ! ታዲያ ማን ገደለው ልበል? እንቁራሪት?»

«ኧረ አያልነህ፣ ፈጣሪን ፍራ!»

«ፈጣሪን ተይውና የገበሬ ማኅበሩን እስር ቤት ፍሪ!»

ይርገዱ ፊቷን ወደ መደቡ መለሰች። የባሏ የማረው ሬሳ መደቡ ላይ በጋቢ ተሸፍኗል። ጠዋት ከጓሮ፣ ጉልበት እንኳ በማይደርስ የክረምት ውሃ ውስጥ በአፍ ጢሙ ተደፍቶ ነው የተገኘው። ማረው የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ ኪኒን ከጀመረ ወዲህ ግን ወድቆ አያውቅም። ወንድሙ አያልነህ ደግሞ የማኅበሩ ታጣቂ ነው፤ ጠመንጃም አፍም አለው። «መርዛዋለች» ካለ አለቀ። በደርግ ጊዜ ማሰር እንጂ መፍታት ማን ያስታውስና!

ከወረታ የተጠራው ፖሊስ፣ ሃምሳ አለቃ አድማሴ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ እያንጠባጠበ ገባ። ቀጭን ነው፣ ነፋስ የሚወስደው ይመስላል፤ ዓይኑ ግን የጭልፊት ነው። ጋቢውን ገለጥ አደረገና የሬሳውን ክንድ አየ።

«ማን ቧጠጠው?»

«እራሱ ነው» አለች ይርገዱ። «ሰሞኑን ሲያክ ነው የሚያድር። ኪኒኑም መረረኝ ይል ነበር። እኔ ደግሞ እንደ ልጅ አትነጫነጭ ብዬ...»

አድማሴ የኪኒኑን ቆርቆሮ ከፍቶ የቀረችውን ፍሬ በምላሱ ነካት። ፊቱ ተጨማደደ።

«ልጅ የላችሁም?»

ይርገዱ አንገቷን ደፋች። «ኪኒኑ ነው ይል ነበር ማረው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ‹አንዳንድ ወንድ ላይ ዘር ያደክማል፣ ግን እንዳትተወው› ብሎታል። ይኸንኑ ማረው ለናቱም ነግሯቸዋል።»

«የወባ መከላከያ ሰዎች በፍልሰታ ኪኒን ሲያድሉ ዋጣችሁ?»

«ፊቴ ቆመው ነው ያስዋጡኝ!» አለ አያልነህ። «ምሬቱስ! ሲያሳክከኝ አደርሁ።»

«እኔም ዋጥሁ» አለች ይርገዱ። «ማረውን ግን ‹የሚጥል በሽታ ካለብህ ይቀሰቅስብሃል› ብለው አለፉት።»

አድማሴ ጥግ ላይ ፊታቸውን ወደሚነጩት ወደ ማረው እናት ዞረ። «እርስዎስ፣ እሜቴ ወለተ ሚካኤል?»

«እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ቤቴ መጥተው ሲሰጡኝ፣ ስገድፍ እውጠዋለሁ ብዬ አራቱንም ፍሬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት።»

«ዋጡት?»

«ኧ... ጠፋኝ።»

«እንግዲያው ሁላችሁም ተቀመጡና ስሙኝ» አለ አድማሴ። «ቆርቆሮው ውስጥ ያለው የሚጥል በሽታ ኪኒን አይደለም፤ የወባ ነው። መረረው፣ አሳከከው። የራሱን መድኃኒት ደግሞ አጣ። በሽታው ተነሣበት፣ ውሃው ላይ ጣለው፣ ትንፋሽ ከለከለው። ማን ለወጠው? አያልነህና ይርገዱ ድርሻቸውን ፊት ለፊት ውጠዋል። ሳይውጥ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያውም ዘር ያደክማል ሲባል የሰማ ሰው።»

አያልነህ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ?»

«ልጄን ልገድል?» ጮኹ ወለተ ሚካኤል። «ዘሩ እንዳይደርቅ ብዬ ነው! ኪኒን ያው ኪኒን ነው ብዬ! የልጅ ልጅ ሳላቅፍ ልሙት? ወይኔ ልጄን! እሰረኝ ጌታዬ፣ ግደለኝ!»

አያልነህ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ያ ሁሉ አፍ የት እንደገባ እንጃ። «ይቅር በይኝ ይርገዱ» አለ ቀስ ብሎ። «ጥፋቱ የኪኒኑ ነው። አንቺ ምን አደረግሽ? ቤቱም መሬቱም ያንቺ ነው፤ ማንም አይነካሽ።»

ይርገዱ ቀና ብላ አማቷን አየቻቸው።

«የሚጥል በሽታው ኪኒንማ ዘሩን ምንም አላደረገውም፣ እማማ። ይፋግ ከተማ ከሌላ የወለደው ልጅ አለው፤ ያውም ይኸንኑ ኪኒን እየዋጠ። በኪኒኑ ያሳበበው እኔን እንዳታባርሩኝ ብሎ ነው። መካኗ እኔ ነኝ።»