ቀዳዳ የሌላት ቅርፊት

ፕሮፌሰሩ የሞቱት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰበስቧቸው በኖሩት የዳይኖሰር እንቁላል ቅርፊቶች መሀል ነው። አስከሬናቸው በቤተ ሙከራው ማከማቻ ወለል ላይ ተዘርሯል፤ መሰላሉ ላያቸው ላይ ወድቋል፤ የብረት መደርደሪያው ጠርዝ ደም ነክቶታል። ፖሊሶቹ «ከመሰላል ወድቀው ነው» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ሲሉ መርማሪዋ ደረሰች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ጠየቀች ማለት ወጋች ማለት ነውና።

መርፌ አስከሬኑን አየት አድርጋ ወደ ጎን ክፍል ገባች። የሟቹ ወፍራም መነጽር ማይክሮስኮፑ አጠገብ ተቀምጧል።

«ያለ መነጽር ያዩ ነበር?» ስትል ረዳታቸውን ጠየቀቻት።

የረዳቷ ዓይን በልቅሶ አብጧል። «ጋሼ? የበር እጀታ እንኳ በዳበሳ ነው የሚያገኙት። መነጽሩን የሚያወልቁት ማይክሮስኮፕ ሲያዩ ብቻ ነው።»

«ታዲያ መሰላል ላይ ምን ሊሠሩ ወጡ?» መልስ አልጠበቀችም። «ምን እያዩ ነበር?»

«ትናንት ከሰዓት ከድንጋይ ፈልቅቄ ያወጣኋትን ቅርፊት። እርጥብ አፈር ውስጥ የሚቀበር እንቁላል አየር እንዲያገኝ ቅርፊቱ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው። በደረቅ አገር ግን ውሃው ተንኖ እንዳያልቅበት ቀዳዳው ጥቂት ይሆናል። ጋሼ ቅርፊቶቹ የሚገኙበት ሸለቆ ድሮ ረግረግ ነበር ሲሉ ኖረዋል። እስከዛሬ የነበሩን ቀዳዳቸው በደንብ የማይለይ፣ የተሸረሸሩ ስብርባሪዎች ናቸው። ይቺ ደህናዋ ግን ቀዳዳ የላትም ማለት ይቻላል። ቤት ከገባሁ በኋላ ደወሉልኝና ‹ተሳስቼ ኖሬያለሁ፤ ደረቅ ነበር። ነገ ራሴ እስክናገር ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ› አሉኝ።»

«ተነፈስሽ?»

«ከእርስዎ በቀር ለማንም።»

ሙዚየሙን የሚመሩት የሟቹ ታናሽ ወንድም ስለ ቅርፊቷ የሰሙት ነገር ያለ አይመስልም። «ነገ ኤግዚቢሽኑን ሊመርቅልኝ ነበር» አሉ እያለቀሱ። «ዛሬ ጠዋት እንኳ ረግረጉን የሚያሳየውን ትልቅ ሥዕል ሳሰቅል ነው መርዶው የደረሰኝ።»

የሟቹ ባለቤት ግን አላለቀሱም። ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ከትናንት ቁርስ በኋላ አላየሁትም፤ በስልክም አልተነጋገርንም። ያን ቤተ ሙከራ ከረገጥኩ ዓመታት አልፈዋል።»

«ስለ ሥራቸው ያጫውቱዎት ነበር?»

«እኔን? እኔን ‹ሻይ አምጪ› ነው የሚለኝ። ይኸው፣ አንዲት ቀዳዳ የሌላት ቅርፊት ላይ እንዳፈጠጠ ሞተ።»

መርፌ ተነሥታ ወጣች። ብዙም ሳትቆይ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ፕሮፌሰሩ ያለ መነጽር መሰላል አይወጡም። ስለዚህ መሰላሉን ሌላ ሰው ነው የጣለባቸው። ማን? ረዳታቸው እንዳንል፣ ግኝቷን የሚመሰክርላት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ሞታቸው ይጎዳታል እንጂ አይጠቅማትም። ወንድማቸው እንዳንል፣ የረግረጉ ነገር መፍረሱን ቢያውቁ ኖሮ ዛሬ ጠዋት ሥዕሉን አያሰቅሉም ነበር።» ወደ ባለቤትየዋ ዞረች። «እርስዎ ግን ቅርፊቷ ቀዳዳ እንደሌላት ነገሩኝ። ቀዳዳ በዓይን አይታይም። ቅርፊቷ የወጣችው ትናንት ከሰዓት ነው። ከቁርስ በኋላ ካልተገናኛችሁ ማን ነገረዎት?»

ሴትዮዋ ለመካድ እንኳ አልሞከሩም።

«ለምረቃው የሚለብሰውን ሱፍ ላስለካው ነበር የሄድኩት» አሉ። «ሳንጋባ እኔም ተመራማሪ ነበርኩ። ይህ ሸለቆ ደረቅ ነበር ብዬ ጽፌያለሁ። በሰው ፊት ሳቀብኝ፤ ሰዉም አብሮት ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቅጠረኝ? አገባሁትና ሸሚዙን ስተኩስ ኖርኩ። ትናንት ‹ትልቅ ነገር አገኘሁ፤ ደረቅ ነበር› አለኝ። ‹እኔ ነግሬህ አልነበር?› አልኩት። ‹አንቺ? መቼ?› አለኝ። እያሾፈብኝ ቢሆን እችለው ነበር። ከምሩ ረስቶታል። የድሮዎቹን ቅርፊቶች ላሳይሽ ብሎ እየዳበሰ ማከማቻው ገባ... ገፋሁት።»

ወንድምየው እንባቸውን ጠረጉ። ቀጥለው የተናገሩትም ክፋት አስበው አልነበረም፤ የሚጽናኑበት ነገር ሲፈልጉ ነው።

«ቢያንስ ግኝቱ በወንድሜ ስም ይቀራል» አሉ።

ረዳቷ አንገቷን ደፋች። የሟቹ ባለቤት በረጅሙ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ሁለት እጃቸውን ለመርማሪዋ ዘረጉ።