ወፎች የሚወዱት መምህር

«ሰማዩን የት አደረስሽው?»

ፔይ-ዩን ካሜራዋን ከገዛች ሳምንት ያልሞላት ጀማሪ ናት። ያነሳችው ፎቶ ነጭ በነጭ ሆኖ የታይናን ከተማ ሰማይ ድራሹ ጠፍቷል። ጠያቂው የፎቶ ክበቡ መምህር ጓንግ-ዪ ነበር።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሳነሳው እዚያው ነበር!»

ሳቀ። ጣቷን ይዞ የካሜራውን መዘውር አዞረላት።

«የሌንሱን ቀዳዳ በረገድሽው፤ ብርሃኑ ጎርፍ ሆኖ ገባ። ጠበብ... እንደዚህ። መዝጊያውን ደግሞ ፈጠን አድርጊው። የሚሮጠውን ነገር ቀጥ የሚያደርግልሽ እሱ ነው።»

የእሷ ልብ ግን ቀጥ አላለም።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ትኩስ የአኩሪ አተር ወተትና የሩዝ ጥቅል ይዛለት ዩንሊን አውራጃ ወዳለው ጫካ ትሄዳለች። እዚያ እንደ ወታደር ዝንጉርጉር ልብስ የለበሱ ፎቶ አንሺ ጡረተኞች መድፍ የሚያክል ሌንስ ደግነው ባለ ስምንት ቀለም የምትባለውን ብርቅዬ ወፍ ይጠብቃሉ። ወፏ ሌላ ቦታ ዝር አትልም፤ ጓንግ-ዪ ያዘጋጀው የሻገተ ግንድ ላይ ግን... ቁጭ!

«ወፎች እንኳ ይወዱታል» እያለች ቀለጠች፣ ምስኪን።

አንድ ጠዋት እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ።

«ስላንቺ ለእናቴ ነግሬያታለሁ። እራት ጠርታሻለች።»

እሺ ልትል አፏን ስትከፍት ወፏ መጣች። ጫካው ጨለም ያለ ነውና ቀዳዳውን ከፈተች፤ ጨለማ ውስጥ ብርሃን የሚያጎላውን አይኤስኦ ከፍ፣ መዝጊያውን ፈጠን አድርጋ አነሳች። በሕይወቷ የመጀመሪያው ጥርት ያለ ፎቶ! ደስ ብሏት አጎላችው...

ወፏ የምትጎትተው ትል በቁሙ ግንዱ ላይ በሽቦ ተሰክቷል። የምንቃሯ ጥግ ደምቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሽቦዋን ነው? ተያት፤ ኮምፒዩተር ላይ ትጠፋለች። ሁላችንም እናጠፋታለን።»

እጁን ኪሱ ከቶ አንድ እፍኝ ትል አወጣ። በዚያው በተዝለገለገ ጣት ጉንጯን ሊዳብስ ሲቃጣ እጁን መታ አድርጋ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ኤጭ! እንዳትነካኝ!»

«ምን ሆነሻል? ማንም አላስገደዳትም እኮ፤ በደስታዋ ነው የምትመጣው!»

«እኔስ? በደስታዬ አይደል የመጣሁት?»

ሄዳ ሽቦዎቹን ከግንዱ ላይ ነቃቀለች። ጡረተኞቹ ጮኹ።

«አንቺ ልጅ! ከሌንሱ ፊት ዞር በይ! ብርሃኑ ሊያመልጠን ነው!»

«ትሉን ለራታችሁ ቋጥሩት፣ አጎቶቼ!»

ቁልቁለቱ ላይ ቁርሷን አስመለሳት። አውቶቡስ ውስጥ አለቀሰች፤ ከሁሉ በላይ ያስጠላት ለእሱ ማልቀሷ ነበር።

በቀጣዩ እሁድ ደወለ።

«ወፏ ቀረች እኮ! ጠዋቱን ሙሉ ጠብቀን... ቀረች! ባንቺ የተነሳ!»

«ጎሽ፣ የኔ ጀግና!»

«እኔን ነው?» አለ፣ ድምፁ ለስልሶ።

«ወፏን!»

ስልኩን ዘጋችው።