የቴፔይ እርጥብ ጫማ

ቴፔይ የተገኘው ወደ ምድር ቤቱ የቀረጻ ክፍል በሚያወርደው ደረጃ ግርጌ፣ አንገቱ ተሰብሮ ነው። ከሸሚዙ ኮሌታ የተገነጠለው ቁልፍ ግን ላይ፣ መጀመሪያው ደረጃ ላይ ወድቆ ነበር። መርማሪ ሙራኦካ ቁልፉን ስታየው ገባት፤ እንዲሁ ተንሸራቶ የወደቀ ሰው የኮሌታው ቁልፍ አይበጠስም።

በናጋኖ ተራራ ሥር ባለው በዚያ ቤት የሄቪ ሜታል ባንዱ አምስተኛ አልበሙን ሲቀርጽ ሁለት ወር ሆኖታል። ዘፈኖቹን የደረሰው ጊታሪስቱ ቴፔይ ነው። የቀሩት ዘፋኙ ጎሮ፣ ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ሱዙና ሽማግሌው የድምፅ ባለሙያ ኦባታ ናቸው። ቴፔይ ትናንት በበረዶ ውስጥ ተንሸራሽሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለስ ጎረቤት አይቶታል፤ ሦስቱም ግን እሱ ሳይመለስ ከቤት ወጥተናል አሉ።

የመንደሩ ፖሊስ ጥርጣሬው ሁሉ ኦባታ ላይ ነበር። ሽማግሌው ሰሞኑን ከሟች ጋር በር ዘግቶ ሲንሾካሾክ ታይቷል፤ ስለ ምን እንደሆነ ግን አልናገርም ብሏል።

«አባባ፣ ዝም ካሉ እኮ ፖሊሱ ዛሬውኑ ይወስድዎታል» አለችው ሙራኦካ።

«ይውሰደኝ። ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ሰጥቼዋለሁ።»

ሱዙ ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ቀረበች። ጅማቷን ታማ ነው። ትናንት በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ወደ እናቷ የእንግዳ ማረፊያ እንደሄደች በቀስታ ተናገረች። ሙራኦካ አመስግና አሰናበተቻትና ጎሮን አስጠራች።

«የቴፔይ ጫማ ውስጥ እርጥበቱን እንዲመጥ ጋዜጣ ተጠቅጥቆ አገኘሁ። ራሱ ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

«እሱ?» ጎሮ ሳቅ አመለጠው። «አንዱ ጫማው ተገልብጦ፣ አንዱ በጎኑ ተኝቶ ነው የሚገኘው። አሥር ዓመት ጨቀጨቅነው፣ አልሰማም።» ወዲያው ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠበት።

ሙራኦካ አየር ልትቀበል ወደ በሩ ወጣች። ጠዋት በረዶ ያራሰውን ጫማዋን እዚያው አውልቃ ጥላው ነበር የገባችው። አሁን ጫፉ ወደ ውጭ ዞሮ፣ እንደ ገመድ በተገመደ ጋዜጣ ተሞልቶ ቆሟል። ብዙ ጊዜ የፈለገችውን ስታገኝ ደስ ይላት ነበር፤ ዛሬ ግን ደስ አላላትም።

ሁሉንም ሰበሰበቻቸውና ጫማዬን ያደረቀልኝን ሰው ላመስግነው አለች።

«እኔ ነኝ» አለች ሱዙ። «እግርዎን እንዳይበርድዎት ብዬ።»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ። በእናትሽ ማረፊያ የለመድሽው ነው፤ የቴፔይንም እንዲሁ ገምደሽ ሞልተሽለታል።»

መርማሪዋ ነገሩን ቀስ ብላ ዘረዘረችው። ትናንት በረዶው መጣል የጀመረው ከስምንት ተኩል በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጫማው የረጠበው ቴፔይ ሲመለስ ነው። ያደረቀለትም ሰው ያኔ ቤት ነበረ። የጎሮና የኦባታ ጫማ ግን እንደረጠበ በሩ ላይ ተጥሏል፤ ለራሳቸው እንኳ ይህን አያውቁበትም።

«ጫማውን ስታደርቂለት ክፉ አላሰብሽበትም» አለች ሙራኦካ። «ከዚያ በኋላ ነው የተጣላችሁት።»

«የቀረጽነውን ሳዳምጥ ቤዙን የመታው የእኔ ጣት አይደለም» አለች ሱዙ። «አሥሩንም ዘፈን በእኔ ቦታ እሱ ተጫውቶታል። እንደ አሮጌ ዕቃ ጣለኝ ብዬ ኮሌታውን ይዤ ነቀነቅሁት። ሲንሸራተት ልይዘው ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ፈርቼ ሄድኩ።»

ኦባታ ያን ጊዜ ቃሉን አፈረሰ።

«ልጄ፣ ያ ጎሮ እየሰማ እንዲዘፍንበት ብቻ ለጊዜው የተቀረጸ ነው፤ ኋላ ጠፍቶ የአንቺ የሚተካበት ነው። አልበሙ በሚያዝያ ሊወጣ ነበር፤ አሳታሚዎቹን ለምኖ ለጥቅምት አስገፋው። እጅሽ እስኪድን ሊጠብቅሽ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ከነገርናት በታመመ እጇ ካልተጫወትኩ ትላለች፣ እጇም በዚያው ይቀራል ብሎ ፈራ።»

ጎሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሱዙ ግን እንባ እንኳ አልመጣላትም።