ያላለቀሱ ዓይኖች

ሐጂ ባህረዲን የሞቱት በገዛ ሱቃቸው፣ በመጋረጃ ጨርቅ ጣቃዎች መካከል ነው። ኢንስፔክተር ጽጌሬዳ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ ደረጃ ወጥታ ስትገባ አስከሬኑ ለምርመራ ከተወሰደ ቀናት አልፈዋል። የቀረው ከአፍንጫቸው የፈሰሰው ደም ያበላሸው ነጭ ጨርቅና የቤተሰቡ ጠብ ነበር።

«መድኃኒቱን በየቀኑ በእጇ የምትሰጠው እሷ ናት!» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም ፉርቃን፣ ጣቱን በወንድሙ ሚስት በካሚላ ላይ ቀስሮ። «ይመርመር ብላ ቀብሩንም ያስዘገየችብን እሷ!»

«አንተ ሬሳው ሳይነሳ አይደል እንዴ መጋዘኑን ልታስከፍት ቁልፍ ሰሪ የጠራኸው?» አለች ሚስትየው።

ጽጌሬዳ እስኪጨርሱ አልጠበቀችም። የአስከሬን መርማሪዋ ዶክተር ኤልሳቤት ጠዋት በስልክ ያለቻት ጆሮዋ ላይ ነበር።

«ሴል በዘፈቀደ አይባዛም። ተባዛ የሚል ትእዛዝ ይመጣለታል፤ በቃህ የሚልም አለ። የደም ካንሰር ስለነበረባቸው የሐጂ መቅኒ ውስጥ ግን ማብሪያው በርቶ ቀርቷል፣ አይጠፋም። የሚወስዱት እንክብል ማብሪያውን አፍኖ ይይዝላቸው ነበር። እንክብሉ ከቀረ ያልበሰሉ ሴሎች መቅኒውን ይሞሉታል፤ ደም የሚያረጉት ሴሎች ቦታ ያጣሉ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል።»

«ሲውጡ እኮ ሁሉም አይቷል» ብላት ነበር ጽጌሬዳ።

«ሰውነታቸው ውስጥ ርዝራዡ እንኳን የለም። ከመሳቢያቸው የላካችሁልኝ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ደግሞ ቢጫ ቫይታሚን ነው።»

ጽጌሬዳ ወደ ካሚላ ዞረች። «ሲታመሙ አላወቅሽም?»

«ኧረ እንዲያውም ካለፈው ዓመት ወዲህ አምሮባቸው ነበር! ጠዋት ጠዋት ያብጥ የነበረው ዓይናቸው እብጠቱ ጎደለ። ባታቸውን ጨምድዶ የሚይዛቸውም ተዋቸው። ‹ድኛለሁ› ብለው ሐኪሙንም ተዉት። ድካሙ የመጣው በኋላ ነው።»

የመጋዘኑ ኃላፊ ሙህዲን ጥግ ይዞ ቆሟል። በዚህ ሱቅ ያረጀ፣ ዝምተኛ ሰው ነው።

«ጋሼ ሙህዲን፣ መድኃኒቱ በየት ነው የሚመጣው?»

«ከዱባይ። ዘመዳቸው የጨርቁ ቦንዳ መሃል ይሸጉጠዋል።»

«ቦንዳውን የሚፈታውስ?»

«ቦንዳ ባለቤቱ በሌለበት አይፈታም፤ የመርካቶ ደንብ ነው። ሐጂ ቆመው ያያሉ፣ እኔ ስፌቱን እቆርጣለሁ። ብልቃጡን በእጃቸው ነው የሚያወጡት።»

በዚህ መሃል የሙህዲን ልጅ ዱንያ ውሃ ይዛ ገባች። ሱቁ ውስጥ ሻጭ ናት። የዓይኗ ቆብ አብጧል። ትሪውን አስቀምጣ ጎንበስ አለችና ባቷን አሸች።

«አይዞሽ፣ በቃ አታልቅሺ» አለቻት ካሚላ።

ጽጌሬዳ ቀና ብላ አየቻት። ከቆቡ በታች ያለው የዓይኗ ነጭ እንደ ወተት የጠራ ነው።

ፉርቃንን ወደ መጋዘኑ ይዛው ወረደች። «ይቺ ልጅ ታማ ታውቃለች?»

«ዓምና ከስታ ሆዷ ብቻ ተነፋ። ያረገዘች መስሎን ስንስቅባት ከረምን» አለና ደግሞ ሳቀ። «ቀልድ ነው እንግዲህ።»

ሐጂ ሊሞቱ በዋዜማው የገባው ቦንዳ እንደተሰፋ ነበር። ጽጌሬዳ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ መጋዘኑ አስጠራች።

«ሐጂን የገደላቸው መድኃኒቱን የቀየረው ሰው ነው» አለች። «ሞታቸውን ብቻ የፈለገ ሰው እውነተኛውን እንክብል ሽንት ቤት ይጥለው ነበር። መጀመሪያ እንዲህ ያለ ሰው መስሎኝ ካሚላንና ፉርቃንን ጠረጠርኩ። ቦንዳውን ሳይ ግን ተውኳቸው። ክሩ አንድ ነው፣ የመርፌው ቀዳዳ ግን ሁለት መስመር። አንድ ሰው ከሐጂ ቀድሞ ፈቶ፣ ብልቃጡን ለውጦ መልሶ ሰፍቶታል። ወይዘሮ ካሚላ መጋዘን አትወርድም። ፉርቃን ደግሞ ቁልፍ ቢኖረው ቁልፍ ሰሪ አይጠራም ነበር።»

ሙህዲን እጆቹን አየ።

«ለምን ይህን ያህል ተደከመ? እንክብሉ ስለሚፈለግ። ያ መድኃኒት ዓይን ያሳብጣል፣ ባት ይጨመድዳል። ከሐጂ ላይ የጠፋው እብጠት ሌላ ሰው ላይ ወጣ። ያለቀሰ ዓይን ይቀላል። የዱንያ ዓይን አላለቀሰም።»

«አባዬ?» አለች ዱንያ። «ከመስጊድ እርዳታ ነው አላልከኝም?»

«ለመንኳቸው» አለ ሙህዲን። «ልጄንም ያው በሽታ ያዛት፣ ለሷም አንድ ብልቃጥ ይጨመር ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሳቁብኝ። ‹እኔ ስሞት ትወስደዋለች› አሉኝ፣ ሰው ፊት።»

ፉርቃን ዓይኑን ሰበረ። ያኔ አብሮ የሳቀ ነበር።

ጽጌሬዳ እጇን ዘረጋች። ዱንያ ከቦርሳዋ ብልቃጡን አወጣች፤ ግን አልለቀቀችውም።

«የባሌ ነው!» አለች ካሚላ።

«አሁን ኤግዚቢት ነው።»

«የዛሬውን አልዋጥኩም፣ እትዬ» አለች ዱንያ። «ይሄ ካለቀ ከየት አመጣለሁ?»

ውጭ ኩሊዎች መንገድ እንዲለቀቅላቸው ይጮሃሉ። ሙህዲን ለካቴናው እጁን ሲሰጥ ልጁን እንጂ ፖሊሱን አላየም። ጽጌሬዳ የዱንያን ጣቶች አንድ በአንድ ከብልቃጡ ላይ አላቀቀች፤ ከረጢት ውስጥ ከታ አሸገችው፣ ፈረመችበትም።

የልጅቱ ዓይን በጥቂት ቀን ውስጥ እብጠቱ እንደሚጎድል ጽጌሬዳ ታውቃለች። እንደ ሐጂ ለጊዜው ያምርባታል።